ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ቀኝ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ እላለሁ። ወገብህ ተሻለው? ምድር ቤት ውስጥ የኪራይ መኪና ስታጥብ እግርህ ሲረጥብ እንደሚውል ከጻፍክልኝ ወዲህ፣ ካልሲ ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለህ። ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠብቅልህ፣ የላብህን ዋጋ አያሳጣህ። እኛም አለን፤ መኖር ከተባለ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩም ባለቤቴም ያሉት እዚያው አንዷ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው። ከአልጋው ጠርዝ ተነስቶ የትም አይሄድም፤ የምናገረውን ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የስፌት መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ ልብስ የምቀድ መስዬ እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ አሮጊቷን ታክሲያችንን ይዞ፣ አንዲት አስተማሪ አሳፍሮ ዳገቱን ሲወጣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄዳ ቦይ ውስጥ ገባች። እሱ ግንባሩ ተላጠ እንጂ ደህና ነው። የአስተማሪዋ የዳሌ አጥንት ግን ተሰበረ፤ እስካሁን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። መንገዱ ደረቅ ነበር። ከፊት የመጣ መኪና አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የታክሲ ማኅበሩ ኮሚቴ "ሾፌሩ አንቀላፍቷል" ብሎ የሾፌርነት መታወቂያውን ወሰደበት። የሚያንገበግበኝ እሱም ማመኑ ነው። "ሳላውቀው እጄ ዞሮ ይሆናል" ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ቁጭ ብሎ እጁን ሲያይ ይውላል። ሽንኩርት ክተፍልኝ ብዬ ቢላዋ ስሰጠው እንኳን "አንቺው ክተፊው" ብሎ ይመልስልኛል።

ባለፈው እሁድ ታዲያ መኪናዋ የቆመችበት ጎሚስታው ግቢ ሄጄ ራሴ ነዳኋት። መንዳት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ አልኩባት። ነዳጅ ስረግጥ ወደ ቀኝ ትስባለች። እግሬን ሳነሳ ወደ ግራ ትመለሳለች። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ፤ እኔ አይደለሁም። እኔ ካልሆንኩ ያን ቀን እሱም አልነበረም ማለት ነው። ከምን እንደሆነ ንገረኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሌላ መካኒክ አልነካትም። "እኔ የያዝኩትን መኪና ሌላ እጅ እንዳይነካብኝ" ብለኸው ስለነበር፣ ዘይት እንኳን የሚቀይረው ራሱ ነው።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየው በሚያዝያ ነው። ያኔ ካልተመለሰለት መታወቂያው ለዘለዓለም ቀረ። እኔን ግን ከመታወቂያው ይልቅ እጁን ማየቱ ነው የጨነቀኝ። ሰዎች "የአክስትሽ ልጅ እኮ ነው" ብለው ሲያርሙኝ የምጣላቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ወንድሜ ነህ። ድረስልኝ።

እህትህ


ኅዳር 14

ለውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። ባለቤትሽን ትከሻውን ሳምኩት በይልኝ። ለአስተማሪዋም ምሕረቱን ያውርድላት። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ።

ወገቤ እንደነበረ ነው። እዚህ ሰው መኪናውን ያቆሽሻል፣ እኔ አጥባለሁ፣ መልሶ ያቆሽሻል። አብሮኝ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ ቀን ስለሚተኛ ክፍላችን ውስጥ በሹክሹክታ ነው የምኖረው፤ ሳል ሲመጣብኝ ወደ ደረጃው እወጣለሁ። ባለፈው የአንድ ደንበኛ መኪና አልነሳ ብላው ኮፈኑን ልከፍት እጄን ስሰድ፣ አለቃዬ "አንተ ስፖንጅህን ያዝ" አለኝ። ያዝኩ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የመኪናም ነገር እንደዚያው ነው። በመጀመሪያ የጎማ ንፋስ አስለኪ። ከዚያ የኋላ ጎማዎችን ግራና ቀኝ አቀያይሩ፤ ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ስበቱም አብሮ ወደ ግራ ይዞራል። ቀጥሎ ጥቂት ንጂና የኋላውን የፍሬን ከበሮ በእጅሽ ንኪው፤ አንደኛው ካቃጠለሽ ፍሬኑ ይዞ ነው። የመሪውንም ዘንጎች አስፈትሺ። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩዪ። መኪና የሚያስቸግረው ቸኩሎ ለሚያየው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። መኪናም ያረጃል። አሮጊቷ የዕድሜዋን ሠርታለች።

ደህና ሁኚልኝ፤ ፈጣሪ ቤትሽን ያረጋጋው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ሳልህ የቀለለልህ ይሁን። ዳቦ ጋጋሪውንም እንቅልፉን አያሳጣው።

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። ንፋሱ እኩል ነው። ጎማዎቹን አቀያየርን፤ አሁንም የምትስበው ወደ ቀኝ ነው። ከበሮዎቹን ነካሁ፤ ሁለቱም እንደ ምሳዬ ቀዝቅዘዋል። የመሪውን ዘንጎች ለማስፈተሽ ስፌቴን ትቼ አንድ ሙሉ ቀን ዋልኩ፤ ደህና ናቸው። ጎሚስታው ምላሱን ታውቀዋለህ፣ ከሥር ከሥሬ እየተከተለ ያሾፍብኛል። "መካኒክሽ እዚያ ሄዶ ሙያውን ረሳው እንዴ? ሲረግጡ ወደ ቀኝ፣ ሲለቁ ወደ ግራ ያለችን መኪና ጎማ ፈትሺ ይላል? የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው አክስሏ ነው ቦታውን ለቆ የሚንሸራሸረው" አለኝ።

የማምነው አንተን ነው እንጂ እሱን አይደለም። ግን ደብዳቤህን መልሼ ሳነበው፣ ስለቅ ወደ ግራ ስለመመለሷ አንድም ቃል የለበትም። ረስተኸው ይሆናል። እውነት ከአክስሉ ነው?

ትናንት የባለቤቴ አንድ ሾፌር ጓደኛ መጥቶ "ና ነፋስ ተቀበል" ብሎ ይዞት ሊወጣ ነበር። ባለቤቴ የኋላ በር ከፍቶ ገባ። ጓደኛው "እኔ የቤትህ ሾፌር ነኝ ወይ?" ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። ከፊት መቀመጥ እንኳን ፈርቷል፣ ጋሼ። እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 8

ለእህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ።

አክስሉ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በደብዳቤ መኪና ማከም እንደማይቻል አንቺም ታውቂያለሽ። ምክሬን ከሰማሽኝ ሽጫት። ለብረት የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ሳይከፍቷት እንዳለች ጭነው ይውሰዷት። ባለቤትሽም እሷን በየቀኑ ባያያት ይሻለዋል። ጎሚስታው ግን ሥሯ እንዳይገባ፤ ጎማ ለጣፊ ስለ ባሌስትራ ምን ያውቃል።

ስለ ኮሚቴው አትጨነቂ። ሰው ይረሳል።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ጋሼ፣

እኔ ባሌስትራ አላልኩህም፤ መኪናዋን ስለሚሸከሙት ተነባባሪ ብረቶች አንድም ቃል አልጻፍኩም። ጎሚስታውም አላለም። እሱ ያለው አክስል ነው፤ እኔም የጻፍኩልህ አክስል ብዬ ነው።

ይህች ቃል ሁለት ቀን ስትከነክነኝ ቆየችና በሦስተኛው የስፌት ሜትሬን ይዤ ጎሚስታው ግቢ ሄድኩ። ነዳጅ ረግጬ ወደ ፊት ነዳኋትና ቀስ ብዬ አቆምኳት። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በሁለቱም በኩል ለካሁ። ቀኙ ከግራው በሁለት ሴንቲ ተኩል ያንሳል። ወደ ኋላ ነድቼ አቆምኳት፣ ደግሜ ለካሁ። እኩል ሆኑ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እኔ ሰው ለክቼ የማድር ነኝ፤ በሜትር አልሳሳትም።

ከዚያ ጎሚስታውን "ግባና እይልኝ" አልኩት። በክሪክ አነሳትና ከሥሯ ተኝቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ አላሾፈም። "ነይ እይ" አለኝ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። የቀኙን ባሌስትራ ከአክስሉ ጋር አቅፎ በያዘው ብረት ዳዶ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። ያንተ ምልክት ነው። ዳዶ አጥብቀህ ስትጨርስ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ ቀጭን መስመር ታሰምራለህ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው ብለህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ቀለሙም ከእኔ መሳቢያ የወሰድከው ነው። መስመሩ ተሰብሯል። የዳዶው ቀይና የብረቱ ቀይ አይተያዩም።

ጎሚስታው ፈታው። የባሌስትራውን ቅጠሎች አንድ ላይ ሰፍቶ አክስሉ ላይ የሚያስቀምጠው የመሃል ቡሎን ለሁለት ተበጥሷል። ቀጭን ነው፤ ራሱ ላይ ቆርቆሮ ተጠቅልሎበታል። የተቀመጠበት ቀዳዳ ተፍቆ ተፍቆ እንቁላል መስሏል። ጎሚስታው "ይሄ የማን እጅ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል" ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ላክኸኝ። አሁን የምጠይቅህ መኪናዋ እንዴት ትጠገን ብዬ አይደለም። ኮሚቴው ይህን ሳሳየው "ቡሎኑ ቦዩ ውስጥ ስትወድቅ ነው የተሰበረው" ይለኛል። ከመውደቋ በፊት ምን እንደነበር መናገር የሚችል ሰው አንተ ብቻ ነህ። ጽፈህና ፈርመህ ላክልኝ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። ካንተ እጅ ያንብበው ብዬ ነው።


መጋቢት 16

ጋሼ፣

ሦስት ሳምንት መሄጃ፣ ሦስት ሳምንት መምጫ ቆጠርኩ። አለፈ። ኮሚቴው ሚያዝያ 20 ይሰበሰባል ተብሏል።

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ካልጻፍክ አልጽፍም ብለህ ጻፍልኝ።


መጋቢት 20

እህቴ፣

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ጤናሽን ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነገሩን አውቄያለሁ። "ስረግጥ ወደ ቀኝ፣ ሳነሳ ወደ ግራ" የሚለው ጋ ስደርስ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አንዷን መኪና ሁለት ጊዜ አጠብኳት። ነዳጅ ሲረገጥ የቀኙ ጎማ አክስሉን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሰፍቶ የሚይዘው ከሌለ ይሄድለታል፣ የመኪናዋም አፍንጫ ወደ ቀኝ ይዞራል። እግር ሲነሳ አክስሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አፍንጫዋም ወደ ግራ። ይህን ደህና መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የትኛው ቡሎን እንደሆነ ጭምር አውቅ ነበር።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው የሠራኋት። ልኩን ቡሎን ስፈልግ በስምንት ቀን ይመጣል አሉኝ። ቀጭን አስገባሁ። ራሱ ለቀዳዳው ስላነሰ ከቲማቲም ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጬ ጠቀለልኩበት። ለአንድ ወር ይበቃል፤ ከዚያ ባለቤትሽ ያስቀይረዋል ብዬ ነበር። ስትሸኙኝ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም "እንዳንተ ያለ እጅ ከየት ይገኛል" ይላል። በዚያ መሃል "የእህቴን መኪና በጣሳ ጠግኛታለሁ" ማለት አቃተኝ። ለባለቤትሽ በጆሮው መንገር እችል ነበር፤ ሻንጣዬን ተሸክሞ አጠገቤ ነበር የሚሄደው። በዚያ ፈንታ "ሌላ እጅ እንዳይነካብኝ" አልኩት።

ይህንን ያልኩት ለመኪናዋ አስቤ አይደለም። የሚከፍታት ሰው ጣሳውን እንዳያይብኝ ነው። እሱ ደግሞ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። የሆነው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

እዚህ ማንም አያውቀኝም፣ እቴ። ስፖንጅ የሚይዝ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ስሜን የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ የሚያማክሩት ሲያጡ እንኳን "እሱ ቢኖር" ይላሉ ብዬ አስባለሁ። የቀረኝ ስሜ ብቻ ነበርና ሳሳሁለት። አስተማሪዋ በምርኩዝ መሄዷን፣ ባለቤትሽ ቁጭ ብሎ መዋሉን እያነበብኩ ሳሳሁለት። ደክሞኛል። የደከመኝ ሥራው አይደለም።

ሌላኛው ወረቀት የኮሚቴው ነው። አንብቢላቸው።

"ለታክሲ ማኅበሩ ኮሚቴ። እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች የሚገኘው መካኒክ፣ የዚችን መኪና የቀኝ ባሌስትራ የመሃል ቡሎን ከልኩ በታች በሆነ ቡሎን ለጊዜው ጠግኜ፣ ለጊዜው መሆኑን ለሾፌሩ ሳልነግር ሄጃለሁ። በአንድ ቀን መውደቅ ቡሎን ይሰበራል እንጂ የተቀመጠበት ብረት አይፋቅም። መፋቁን ዐይታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ። ሾፌሩ አላንቀላፋም። ነዳጅ የረገጠው ዳገት ስለነበረ ነው፤ ማንኛችሁም ትረግጡ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተማሪዋንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"


ሚያዝያ 24

ይድረስ ለጋሼ፣

ወረቀትህ ስብሰባው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ደረሰ።

በመጀመሪያ ለባለቤቴ ሰጠሁት። የእኔንም፣ የኮሚቴውንም አነበበ። መልሶ አነበበ። "እኔ አይደለሁማ" አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ተኛ። ነሐሴ ካለፈ እንደዚያ ተኝቶ አያውቅም። እኔ ማሽኑን ሳላንቀሳቅስ አጠገቡ በእጄ ስሰፋ ዋልኩ።

ስብሰባው ላይ ጎሚስታው የተፋቀውን ብረትና የተሰበረውን ቡሎን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ወረቀትህን አነበብኩ። ስምህ ጋ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ፤ "ጮክ አድርጊው" አሉኝ፣ ጮክ አድርጌ ደገምኩት። አንዱ የኮሚቴ አባል "ሰውየው ዘመዳችሁ አይደል፣ ሊያድነው ቢዋሽስ?" አለ። ይሄኔ አስተማሪዋ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። "ሾፌሩ አልተኛም። ዳገቱ ላይ ስለ ልጄ ትምህርት እየጠየቀኝ ነበር። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው ያልተናገርኩት" አለች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ። መታወቂያውን መለሱለት።

ጎሚስታው ልኩን ቡሎን አስገብቶባታል። ሳይጠየቅ የግራውንም ቀየረው። ትናንት ባለቤቴ ነዳጅ ረግጦ ዳገቱን አወጣት፤ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ቀጥ ብላ ወጣች። አናቱ ላይ ሲደርስ አቆማትና ዳር ይዞ ትንሽ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲመለስ አስተማሪዋ ቤት ጎራ ብሎ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ላድርስሽ አላት። "ከፊት ከሆነ እሺ" አለችው።

ሰፈር ውስጥ ስላንተ ይወራል። አልደብቅህም፤ የሚወራው ጥሩ አይደለም።

ባለቤቴ ይቅር ብሎሃል። "እሱም ሰው ነው፣ ጨንቆት ነው" ይላል፤ ከልቡ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሰላምታ ጻፊለት ብሎኛልና ይኸው ጽፌያለሁ። እኔ ግን ገና ነኝ፣ ጋሼ። ቡሎኑን አይደለም፤ በጣሳ መጠገንህን አንድ ቀን እረሳዋለሁ። እኔን የያዘኝ ያ አራት ወር ነው። አንተ እያወቅክ ንፋስ አስለኪ፣ ከበሮ ንኪ፣ ሽጫት ስትለኝ፣ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ መስመር ብትጽፍ ያበቃ ነበር፤ ባሌ ግን ቁጭ ብሎ ሲያይ ነበር። እጁን። እኔም ማሽኔ ላይ ሆኜ እሱን ሳይ ነበር።

ጤናህን ፈጣሪ ይስጥህ፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ከዚህ በላይ ግን ዛሬ አልችልም።

እህትህ